የፈረመችው

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ እንደወጣን መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ካፌ ጀርባ በተከራየናት ክፍል ተሰብስበን እንጸልይ ነበር። አብዛኞቻችን ከሌላ አካባቢ የመጣን ነን። ተማሪዎች አሉ፣ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች አለን፣ ጸሎቱም በአማርኛ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ አውሳለሁ። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው የተመለስኩት። የጸሎት መሪያችን ግን ከመቐለ ንቅንቅ አላሉም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍሏን ሳይለቁ፣ አንዳንዴም ለብቻቸው እየተቀመጡ ሲጸልዩ ነው የቆዩት። በዚህ ምክንያት ቃላቸው ይከበራል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ተለጥፏል። ክርስቲያኖች የሚታሰሩበት፣ የሚገደሉበት፣ ቤታቸው የሚቃጠልበት አገር ሁሉ ላይ ጋሼ ቀይ ራስ ያላት መርፌ ይሰካሉ። በየሳምንቱ አንድ አገር ይነሣል። በዚያ አገር ያሉ ምእመናን ምን እንደደረሰባቸው ከኢንተርኔት ፈልጌ፣ ተርጉሜ የማነበው እኔ ነበርኩ። ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል።

እውነቱን ልናገር። ታሪኮቹን እወዳቸው ነበር። መጽሐፍ የሚዋስ በሌለበት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የቱ ይበልጥ ያስለቅሳል እያልኩ አማርጣለሁ። ዘመዶቹ ራሳቸው አሳልፈው የሰጡት ወጣት፣ ባሏ በታሰረበት ሞቶ ሬሳውን የተከለከለች ሴት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አንብቤ ማንም ካላለቀሰ በሚቀጥለው ሳምንት የከፋ ይዤ እመጣለሁ። ሰዉ እንባውን ሲጠርግ ሳይ ደስ ይለኛል። ሥራዬን የሠራሁ ይመስለኛል።

የማወራላችሁ ሴት ወደ እኛ የመጣችው ነፋሱ አቧራ በሚያነሣበት ወር ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋን የምትቆጥብ። እንዳ ኢየሱስ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። በፊተኛው ጦርነት ጊዜ፣ ገና ኮረዳ ሳለች፣ ከወላጆቿ ጋር በአውቶቡስ ተጭና ወደ ድንበር ማዶ፣ ወደ ወላጆቿ አገር ተባረረች። እዚያ ብዙ ዓመት ኖራ ደግሞ በእግሯ ድንበር አቋርጣ ወደዚህ መጣች። አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው፤ ሆኖም ለ«እሺ» «ሕራይ»፣ ለ«እህቴ» «ሓፍተይ» ማለቷ አይቀርም።

ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ከካፌው ጭማቂ መፍጫው ሲጮህብን አንዱ ተነሥቶ በሩን ከዘጋ እሷ ቀስ ብላ ትወጣለች። ውጭ ቆማ፣ ከደጅ ሆና አሜን ትላለች። ነፋስ የምትወድ መስሎን ነበር።

አንድ ረቡዕ እጅጌዋን ሰብስባ ወንበር ስትደረድር አንዲት ተማሪ ክንዷ ላይ ያለውን ሰፊ ጠባሳ አየች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«የብረት ኮንቴይነር ነው ያቃጠለኝ» አለች እንደ ዋዛ። «እዚያ ውስጥ ታስሬ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይግላል።»

ጋሼ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉ። «በምን ምክንያት ነው የታሰርሽው?»

«ቤት ውስጥ ስንጸልይ ተይዘን።»

ከዚያ አንዱ እያለቀሰ ጸሎት ጀመረ፣ ሌላው ተከተለው። እሷ በእጇ የያዘችውን ወንበር እንዳንጠለጠለች ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ንብረት ሆነች ማለት ይቻላል። ስንት ዓመት በወረቀት ስናነበው የኖርነው ነገር በእግሩ ሄዶ መጣልን። ተማሪዎቹ አብረዋት ፎቶ ይነሣሉ። «እንደ እሷ ያለ እምነት ስጠኝ» ብለው ፊቷ ይጸልያሉ። ያን ጊዜ ዓይኗን መሬት ትተክላለች። ትሕትና ነው አልን።

በዓመት አንድ እሑድ ስለ እምነታቸው ለሚሰደዱ ክርስቲያኖች ልዩ ጸሎት ይደረጋል። ከሌሎች ጸሎት ቤቶችም ሰው ይመጣል። ጋሼ በዚያ ቀን እንድትመሰክር ፈለጉ።

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «የመዘምራኑን ልብስ እሰፋላችኋለሁ። መናገሩ ይቅርብኝ።»

ሁለተኛም ጠየቋት፣ እንደዚያው አለች። በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ። «አንቺን ትወድሻለች። ሄደሽ አግባቢያት፣ ልጄ።»

እውነትም ትወደኝ ነበር። ቀሚሴን አጥብባልኛለች፣ ስታመም ሾርባ ይዛልኝ መጥታለች። ሰው በሌለበት አገር ታላቅ እህት ያገኘሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋሱ የጨርቅ ቁርጥራጭ ወለሉ ላይ ያንከባልላል። የስፌት መኪናዋን ወደ ደጁ አዙራ የመዘምራኑን ነጭ ካባ ትሰፋለች። ልዝጋው ብዬ መዝጊያውን ስይዝ «ተዪው፣ በጃኺ፣ እባክሽ» አለችኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። መኪናዋን አቆመች።

«ምን ብዬ ልመስክር?» አለች። «ፈርሜ ነው የወጣሁት።»

አልገባኝም።

«ወረቀት አለ። ይህን እምነት ትቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰበሰብም የሚል። ኃላፊው በየወሩ ይዞት ይመጣ ነበር። የፈረመ ይወጣል፣ ያልፈረመ ይቀመጣል። ስምንት ወር አልፈረምኩም። በዘጠነኛው ፈረምኩ።»

«ደብድበውሽ ነው?»

«በፊት ደብድበውኛል፣ ያን ጊዜ አልፈረምኩም። የፈረምኩ ቀን ማንም አልነካኝም።» መርፌውን ከካባው ላይ ነቅላ ደረቷ ላይ ሰካችው። «በሩን ከፍቶ ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ በትከሻው አሻግሬ ወደ ውጭ አየሁ። አንዲት ሴት ቲማቲም በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። ምንም አይደለም፣ ቲማቲም ይዛ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው። እኔም ቲማቲም ይዤ ልሂድ አልኩ። በቃ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከዚያ ስለ አንዲት ልጅ ነገረችኝ። አብራት የታሰረች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነበረች፣ አስም ያለባት። ቀን ቀን በሙቀቱ ትንፋሽ ሲያጥራት የልጅቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስተኝታ በቀሚሷ ጫፍ ታራግብላታለች። ክንዷን የተቃጠለችውም ልጅቷ ስትወድቅ ልትይዛት ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ነው። መዝሙር ስለተከለከሉ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ይዘምሩ ነበር። ሌሊት ብረቱ በረዶ ይሆናል። ለሁለት አንድ ወፍራም ሹራብ ነበራቸው። የእሷ ነው፤ በየተራ ይለብሱታል።

«የወጣሁ ቀን ለብሼው ነበር» አለች። «ልጅቷ አልወቀሰችኝም። 'ሹራቡን ተዪልኝ' ብቻ አለችኝ። ወታደሩ ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ ይላል። እሺ አልኳት። አውልቄ ልሰጣት ነበር፣ ሓፍተይ። ከዚያ ራሴን ውጭ አገኘሁት፣ በሩም ተዘጋ። ሹራቡ እላዬ ላይ ነው።»

ልጅቷ ክረምቱን አላለፈችም። እሷ የሰማችው ከሌላ እስረኛ ነው።

አቀፍኳት። አብረን አለቀስን። ስወጣ እጄን ይዛ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ለማን እነግራለሁ?» አልኳት።

ሰኞ ለጋሼ ነገርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው «ለጸሎት ያህል ነው የምነግርዎት» ብዬ ጀመርኩ። ይህችን ቃል ስንቴ እንደተጠቀምንባት እኔ ነኝ የማውቀው። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ። «ክዳለች እንግዲህ» አሉ። ከዚያ «ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ። ማክሰኞ አጠገቤ ሆና ለምትጸልየው ተማሪ ነገርኳት፣ እሱንም ለጸሎት ያህል። የቲማቲሙን አልዘለልኩም። ሹራቡ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ረቡዕ ረቡዕ ሳነብ እንደማደርገው። ተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጥሩ አድርጌ እንደነገርኳት ተሰማኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንዲያ ነው የተሰማኝ።

ረቡዕ መጣች። ከተሰፉት ካባዎች አንዱን ለማሳየት በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። እንደ ወትሮዋ በሩ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል ጋሼ «ዛሬ እዚህ ተቀመጪ» ብለው መሐል ላይ ያስቀመጡትን የፕላስቲክ ወንበር አሳዩአት። ዞር ብላ አየችን። ቦታው ሁሉ ተይዟል። ተቀመጠች።

«ዛሬ ካርታውን እንተወው» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «መካከላችን የታሰረች እህት አለችን። እህቴ፣ ያ የፈረምሽው ወረቀት አንቺን አስሮ ይዞሻል። ዛሬ በጌታ ፊት ትክጂዋለሽ፤ እኛም እንመሰክርልሻለን። እሑድም ይህንኑ ትናገሪያለሽ።»

ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ካባውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ማን ነገራችሁ?» እንኳ አላለችም። ያን ጊዜ ማክሰኞ የነገርኳት ተማሪ ጠየቀቻት።

«ግን ሹራቡን ለምን አልተውሽላትም?»

ስለ ሹራቡ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። የቱን ገጽ እንደገለጥኩ አላውቅም።

ከወዲያ በኩል አንዲት እናት «አብረሻት ብትቆዪ ኖሮ ልጅቷ ባልሞተች» አለች። ይህች እናት በየሳምንቱ ለማታውቃቸው ሰዎች እየተንሰቀሰቀች የምትጸልይ ሴት ናት።

ጭማቂ መፍጫው ሲጮህ ጋሼ «በሩን ዝጉት» አሉ። ተዘጋ። ሁላችንም ተነሥተን ከበብናት፣ እጃችንን ጫንንባት። በአንድ ድምፅ መጸለይ ጀመርን። የእኔ እጅ ግራ ትከሻዋ ላይ ነበር። አጥንቷ ይሰማኛል።

«በሩን ክፈቱት» አለች። 

ጸሎቱ ጨመረ።

«በሩን ክፈቱልኝ፣ በጃኹም።» ልትነሣ ሞከረች። ብዙ እጅ ነው ላይዋ ላይ ያለው፤ ወንበሩ ላይ መለሳት። አንዱ ወጣት መንፈስ የሚያስጮኻት መስሎት «ውጣ! ልቀቃት!» እያለ ይጮህ ጀመር። ሌሎቹም ተቀበሉት። ውጣ፣ ውጣ፣ ውጣ። በአማርኛ መለመኗን ትታ በትግርኛ ለመነች። ቀጥሎ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ድምፅ የለውም። እኔ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን ግን አላነሣሁም።

ከወንበሩ ሥር ውሃ ወረደ። መጀመሪያ ማንም አላየውም። የቆምንበትን ምንጣፍ ሲያርሰው አንዷ «ኧረ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጆቹ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ጸሎቱም ከዳር ከዳር እየቀነሰ ቆመ። ሮጬ በሩን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው፤ ካለቀ በኋላ።

ተነሣች። ነጭ ካባው ጫፉ ረጥቦ ነበርና ወደ ውስጥ አጠፈችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ጋሼ ዞር ብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻቸው፤ እንደ ወትሮዋ፣ ጸሎት ሲያልቅ እንደምትለው። ሄደች። ምንጣፉን አውጥተን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ማንም ማንንም አላየም። ትንሽ ቆይቶ ያ የጮኸው ወጣት «እንግዲህ ነፃ ወጥታለች» አለ፤ ሁለት ሰዎችም አሜን አሉ።

አርብ ዕለት አንድ ባለ ባጃጅ አንድ ትልቅ ጥቅል አደረሰልን። ካባዎቹ ናቸው። አንድም አልጎደለም። ሁሉም ተተኩሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ያልጠየቅናት ጥልፍ አለበት። ጫፉ የረጠበውም ታጥቦ ከሌሎቹ አልለይ ብሎናል።

በእሑዱ ጸሎት መዘምራኑ ለብሰውት ዘመሩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እሷ ባለመኖሯ ጋሼ አንድ ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ። ከሩቅ አገር አገኘሁ፤ ልጆቿን ፊቷ አቁመው ካጂ ሲሏት እምቢ ያለች ሴት። አነበብኩ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም ከልቤ አለቀስኩ፤ ለዚያች ለማላውቃት ሴት።

እንዳ ኢየሱስ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በሩ እንደተከፈተ ነው። ገብቼ መሬት ላይ ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። ከመኪናዋ አልተነሣችም፤ የአንድ ሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር።

«ተነሺ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አለችኝ።

«ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሁለተኛ ግን እዚህ እንዳትመጪ።»

«እህቴ...»

«ወረቀቱን ያመጣልኝ የነበረው ሰውዬ ክፉ ነበር» አለች ሱሪውን እያጠፈች። «ግን አንድም ቀን እህቴ አላለኝም። ይዞኝ ሊጸልይልኝም አልሞከረም። የመጣበትን አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ከእሱ መጠንቀቅ እችል ነበር። ከእናንተ እንዴት ልጠንቀቅ? ሾርባ ይዤልሽ የመጣሁ እኮ ነኝ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ለመውጣት እንኳ የምከፍተው ነገር አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ከዚያ ቤት እንደለቀቀች ሰማሁ። አከራይዋን ጠየቅኋቸው። «ኣይፈልጥን፣ ጓለይ» አሉኝ፤ የት እንደሄደች አያውቁም። አንዷ ተማሪ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዳለች አለች፣ ሌላው ከአገር ወጥታለች አለ። አንዱንም ማረጋገጥ አልቻልኩም።

አንድ ረቡዕ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። «ለፈረሙት እንጸልይ» አልኩ። «በየአገሩ ታስረው፣ ደክሟቸው ለፈረሙት።»

ያቺ የምትንሰቀሰቀው እናት ጉሮሮዋን ጠረገች። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጸዱት፣ መልሰው አደረጉት። «ወደሚቀጥለው እንለፍ» አሉ። አለፍን።

ከወራት በኋላ ጋሼ ቤተ መጻሕፍት መጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። መጽሐፍ ሊዋሱ አልነበረም።

«የት እንደደረሰች ሰማሽ?» አሉኝ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረጉ። «እኔ በጦርነቱ ጊዜ ብቻዬን ስጸልይ» አሉ፤ «ማንም ፈርም ብሎ ወረቀት አላመጣልኝም። ቢያመጣልኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።» ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ከኋላቸው ስለመጡ ቦታ ለቀቁላቸውና ወጡ። ይህን ጉባኤው ፊት ደግመው አላሉትም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ንባቡን ትቻለሁ። አሁን ሌላ ልጅ ያነባል፤ ጎበዝ ነው፣ ሰዉን ያስለቅሳል። እኔ መጸለዩን አልተውኩም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ በስም የማውቃቸውን አነሣለሁ። እሷን አነሣታለሁ። ከዚያ ልጅቷ ላይ ስደርስ እደናቀፋለሁ። ያን ቅዳሜ ስሟን ሁለት ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ አንዴ ስትጀምር፣ አንዴ ደግሞ ሞተች ስትለኝ። ሹራቡን፣ ትንፋሿን፣ ያለ ድምፅ የሚዘመረውን መዝሙር፣ ለሌላ ሰው ሲነገር የሚያምረውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ይዤ ወጥቻለሁ። ስሟን አልያዝኩም። የምጠይቀውም ሰው የለኝም።